ከመጋረጃው ወዲህ

ለደብረ ታቦር ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ዶሮ ላላችሁ፣ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ በክብር ይነገራል፦ በጡረተኛው ዳኛ በአቶ ፈንታሁን ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ግንድ ሥር በገመድ ታስሮ የሚገኘው ገብስማ አውራ ዶሮ፣ በፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ እንዲፈጸም የተቆረጠበት የሞት ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። ቢላዋው ተስሏል። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ በርበሬው ተነፍቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድ።

በእርግጥ ቤቱ ወንድ አልባ አይደለም። ዳኛ ፈንታሁን አሉ። ግን ከአምና ወዲህ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንኳን የዶሮ አንገት የሻይ ብርጭቆም አላስጨብጥ ብሏቸዋል። ሌላዋ የቤቱ ሰው ልጃቸው ትሕትና ናት። ትሕትና ሁለት እጅ አላት፣ ሁለተኛ ዲግሪ አላት፣ በዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ፆታ ታስተምራለች። ቢላዋ ለመያዝ ከእነዚህ አንዱም አይበቃም። በአገሩ ልማድ ሴት አታርድም። ባሏ የሞተባት፣ መንገድ የሄደባት ወይም ጭራሽ ያላገባች ሴት ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ ደጅ ትቆምና የሚያልፍ ወንድ ትለምናለች። ሰካራም ቢሆን፣ ሌባ ቢሆን፣ ሱሪ የታጠቀው ትናንት ቢሆን ግድ የለም።

ትሕትና አምና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እዚያው ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ጃኬት የለበሰ፣ የክትባት ሳጥን በትከሻው ያንጠለጠለ ረጅም ሰው አጠገቧ ሲደርስ ቆመ።

«ልረድልሽ?» አላት።

ሌላ ሴት ብትሆን «ተባረክ» ብላ ዶሮውን ትሰጠው ነበር። ትሕትና ግን ለምን መለመን እንዳለባት ታብራራለት ጀመር። ከቢላዋና ከሥልጣን ተነሥታ፣ በደምና በንጽሕና አልፋ፣ ወደ ርስትና ወደ ማረሻ ገባች። ሰውዬው ሳጥኑን አስቀምጦ፣ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ትምህርቱ ጥሩ ነበር» አለ ስትጨርስ። «ዶሮው ግን ተኝቷል።»

ስሙ ቢሆነኝ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የገሳይ ገበሬ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም። በዚያች ቅጽበት ልቧ ምን እንዳለ ትሕትና የነገረችው ለሥራ ባልደረባዋ ለዓይናለም ብቻ ነው፤ ለዓይናለም መንገር ደግሞ ለከተማው በድምፅ ማጉያ ከመንገር ብዙም አይለይም።

ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ ቢሆነኝ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ካዞረ በኋላ፣ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

ትሕትና ይህን ቃል ስትጠብቅ ከርማለች። ስትጠብቅ ደግሞ ቅድመ ሁኔታዋን አዘጋጅታለች።

«ላክ። ግን ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን።»

ቢሆነኝ ሳቀ። ፈገግ ማለት አይደለም፤ ጥርሱ እስኪታይ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት መንገደኞች ዞር እስኪሉ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«አይ፣ እንዲያው…»

«ቀልድ መሰለህ? ሴቷን እስክታገኝ ድረስ እንዳትደውልልኝ!»

«እሺ» አለ።

የታዘዘውን ነገር በትክክል የሚፈጽም ወንድ በደቡብ ጎንደር እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። ስለዚህ ትሕትና በማግስቱ እንዲደውል ጠበቀች። አልደወለም። በሳምንቱ አልደወለም። ሐምሌ በዝናብ ገብቶ በዝናብ ወጣ። እሷም በስልኳ ረጅም መልእክት ጻፈችለት፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው የቀረው። አንብባው አጠፋችው። ሌላ ጻፈች፤ «ናፈቅከኝ» ብቻ የሚል። ይህኛውን ደግሞ ከፊተኛው ቶሎ አጠፋችው።

በፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ፣ ያ ገብስማ ዶሮ ከግንዱ ሥር ዕጣ ፋንታውን እየጠበቀ ሳለ፣ ዓይናለም የሚንጠባጠብ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ጃንጥላውን እንኳን ሳታጥፍ፦

«እህቴ፣ ክፉ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ተቀመጪ» አለቻት።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ያ ሰውሽ ገሳይ ገበያ ላይ ታይቷል። ከሽማግሌ ቤት ሽማግሌ ቤት እየዞረ ይለምናል አሉ። ሊያገባ ነው።»

«ማንን?»

«እሱንማ አላወቁም። የአንድ ባለጠጋ ገበሬ ልጅ ናት የሚሉም አሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሚኒባሱ በሙሉ! ከሾፌሩ እስከ ረዳቱ። ምነው፣ እኔ ከኪሴ አወጣሁት?»

ትሕትናን ያ ሳቅ ነው ትዝ ያላት። ለካስ ያን ቀን እምቢ ማለቱ ነበር፤ ገሳዮች ጨዋ ስለሆኑ እምቢታቸውን በሳቅ ይጠቀልሉታል ማለት ነው። ዓይናለም ከሄደች በኋላ ዝናቡን እያየች ቆመች።

*

ቢላዋውን አንሥታ ሳሎን ገባች።

ዳኛ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ተከናንበው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። እኚህ ሰው በሥራ ዘመናቸው በአንድ ነገር የታወቁ ነበሩ፤ ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ ይጽፋሉ። የጎረቤት ጎመን ለበላች ፍየል የጻፉትን ውሳኔ ለማንበብ ችሎቱ ከምሳ በፊት ጀምሮ ከምሳ በኋላ ነበር የጨረሰው። «ምክንያት የሌለው ፍርድ ቁጣ ነው» ይሉ ነበር። ቤት ውስጥ ሳይቀር ለትሕትና «አይሆንም» ሲሏት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ምክንያቱን ይዘረዝሩ ነበር።

«አባዬ፣ እኔው ላርደው ነው።»

«ምኑን?»

«ዶሮውን።»

ሬዲዮው ተዘጋ። «ሴት አታርድም።»

«ሕጉን ይጥቀሱልኝ።»

ዳኛ ፈንታሁን ለጠበቆች ሁሉ «ይጥቀሱ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልማድ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ከነምክንያቱ ነው ወይስ ያለ ምክንያት?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን በራሴ ቢላዋ ትወጊኛለሽ?»

«ቢላዋውን የሳሉት እርስዎ ናቸው፣ አባዬ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እረጂ» አሉ። «ማንም እጅሽን አልያዘም። እኔ ግን አልበላም።»

«ታዲያ ነገ ምን ሊበሉ?»

«ሽሮ።»

«በፍልሰታ ፍቺ?»

«በፍልሰታ ፍቺ!»

ትሕትና ወደ ጓሮ ወጣች። በስመ አብ ብላ ስትጀምር የመጣባት የንባብ ዝርዝሯ አልነበረም፤ ሟች እናቷ ናት። ሙሉሐብት። አባቷ ለተዘዋዋሪ ችሎት ወረዳ በወጡበት በዓል ሁሉ፣ ሙሉሐብት ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ዝናብ ላይ ቆማ ወንድ ስትለምን። ከእነዚያ በዓላት በአንዱ፣ ደጅ ቆመው ሳለ፣ ለልጇ ያወራቻት ነገር ነበር።

«እኔ ስታጭ ከመጋረጃ ጀርባ ነበርኩ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ። ሦስት ሽማግሌ ስለ እኔ ያወራል። የአባቴን በሬዎች አነሡ፤ የአያቴን ርስት አነሡ፤ የአባትሽን ትምህርት አነሡ። ስሜን ግን የጠራው የለም። ‹ልጅቷ፣ ልጅቷ› ይላሉ። ይህቺ ልጅቷ የምትባለው ማን ናት ብዬ ዞር ብዬ አላየሁም መሰለሽ?»

እናቷ ይህን ስታወራ ሁሌም ትስቅ ነበር። ትሕትና ግን አንድም ቀን አልሳቀችም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ደገኛ እናቶችን እየዞረች፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከጎተራ ኋላ፣ ከጣራ ሥር ሆነው የሰሙትን ስትሰበስብ፣ መምህራኖቿ «ርእሱን ከየት አመጣሽው?» ሲሏት ስለ ጥናት ክፍተት ተናገረች። ስለ እናቷ አልተናገረችም። ከቢሆነኝ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ገብስማው ቶሎ ተሰናበተ። እሷ ግን ክረምቱ በሚያዘንበው ውሃ እጇን እየታጠበች ብዙ ቆየች። ያለቀሰችው ለእናቷ ይሁን፣ ለዚያ ሰው ይሁን፣ ወይስ ከሽንኩርቱ የተረፈ ይሁን መለየት አቃታት። ብቻ ቀለላት፤ ከዚህ በኋላ ማንንም ደጅ ቆማ እንደማትለምን ታውቃለችና።

*

በማግስቱ ዳኛ ፈንታሁን ከቅዳሴ ተመልሰው በቃላቸው ጸኑ። ከፊታቸው ሽሮ ቀረበ። ከጓዳ የሚመጣው የዶሮ ወጥ ሽታ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያከብርም፤ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ፣ ሳሎኑን ዞሮ፣ አፍንጫቸው ሥር ይቆማል። ዳኛው አንድ ጉርሻ ሽሮ ጎረሱና እንደ መድኃኒት ዋጡት።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

ትሕትና በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። ሦስት እንግዶች ከበሩ መለስ ብለው ቆመዋል። አንደኛው ጥምጥም ያሰሩ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ካቦርታቸውን የደረቡ፣ ጉልበታቸው ያስቸገራቸው ሽማግሌ። ሦስተኛዋ አጭር፣ ነጭ የለበሰች፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በእጇ ዘንግ ይዛለች፤ እንደ ወንዶቹ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ ዳኛ ፈንታሁን ብድግ ብለው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታው። «እኔ ይሻው እባላለሁ፤ እኚህ አቶ አምላኩ ናቸው። ከገሳይ ነው የመጣን።»

ሳይሰማ አንቀመጥም! ይህን ቃል ደገኛ ሁሉ ያውቀዋል። ትሕትና መጋረጃውን በጣቶቿ ጨመቀችው። ከገሳይ? ልቧ ሊያምን ዳር ዳር ሲል ቆጣችው።

ዳኛ ፈንታሁን ወደ ሴትዮዋ ዞረው በአክብሮት እጅ ነሡ። «እናቴ፣ እርስዎ ወደ ጓዳ ይለፉ። ልጄ አለች፤ እሳቱም እዚያ ነው።»

«ጓዳ የኖርኩት ይበቃኛል» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬ የመጣሁት ለሳሎን ነው። ጥሩወርቅ እባላለሁ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለዚሁ ጉዳይ።»

ዳኛው ወደ መሪጌታ ይሻው አዩ። መሪጌታው ኮርኒሱን አዩ። አቶ አምላኩ ጉልበታቸውን አሹ።

«ቃሉ የእሷ ነው» አሉ መሪጌታ ይሻው በመጨረሻ። «እኛ አጃቢ ነን። እኔን ከባለቤቴ ያስታረቀችኝ እሷ ናት፤ አቶ አምላኩን ከወንድማቸው ያስታረቀቻቸው እሷ ናት። የገሳይ ሽማግሌ ከዛፉ ሥር ከመቀመጡ በፊት ምን እንደሚል የሚሰማው እሷ ቤት ነው። ዛሬ እንግዲህ ራሷ ትበል ተባለ።»

ጥሩወርቅ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ዘንጓን በሁለት እጇ ይዛ ተደገፈችው።

«የወይዘሮ ሙሉሐብትን ልጅ ትሕትናን፣ ለእህቴ ለትዕግሥት ልጅ ለቢሆነኝ ልንለምን መጣን።»

ከመጋረጃው ጀርባ ትሕትና አፏን በመዳፏ ያዘች። የእናቷ ስም በዚያ ሳሎን ከተዝካሯ ወዲህ ተጠርቶ አያውቅም። በሬ አልተነሣም፤ ርስት አልተነሣም። ሙሉሐብት ተብሎ ነው የተጀመረው። ትሕትና ተብሎም ተጠራ፤ ዞር ብላ ማንን ነው እንዳትል።

«የእኔ ስም የት ገባ?» አሉ ዳኛ ፈንታሁን።

«የእርስዎንማ አገር ያውቀዋል። ያልተጠራውን ብጠራ ይሻላል ብዬ ነው።»

ዳኛው ተቀመጡ፤ ከዚያ እንግዶቹ እንደቆሙ ትዝ ሲላቸው መልሰው ተነሡ። «ልጄ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት» አሉ። «ልጁ የከብት ሐኪም፣ የገበሬ ልጅ ነው። ነገሩ አይመዛዘንም። አንደኛ…»

«ገበሬ ያላበላው ዳኛ አለ?» አለች ጥሩወርቅ ቀስ ብላ። «እሱ ይቆየን። ለመሆኑ ልጅቱን ጠይቀዋታል?»

«ሽማግሌ መጥቶ ልጅቱ ትጠየቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔም ሰምቼ አላውቅም። የታጨሁ ዕለት ከጎተራ ኋላ ሆኜ ሳዳምጥ አንድ ሰው ይጠይቀኝ ይሆን ብዬ ነበር። ይኸው ሸበትኩ፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

ዳኛ ፈንታሁን መጋረጃውን አዩት። ትሕትና ከቀዳዳው ወደ ኋላ አለች፤ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ አልነበረም። ከጀርባው ሌላ ሰው የቆመች፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የቆመች ያህል ነበር የሚያዩት። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነገር አየች፤ እፍረት።

«ትሕትና» አሉ። «ነይ ውጪ፣ ልጄ።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ሽርጧ በርበሬ፣ ጣቶቿ ቅቤ።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

«ምን ትያለሽ?»

ትሕትና አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ቆማ ሁለት ሰዓት ያለ ማስታወሻ ትናገራለች። አሁን አንድ ቃል አጣች። አራቱም ይጠብቋታል።

«መልስ አለኝ» አለች። «ግን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለእናንተ አይደለም። የት ነው ያለው?»

አቶ አምላኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ልማዱ ልጁ አይምጣ ነው የሚለው…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደጅ ነው። ባጃጅ ውስጥ።»

*

ባጃጇ ከግንቡ ሥር ቆማለች፤ ዝናቡ የሸራዋን ጣሪያ እያስጮኸ። ቢሆነኝ ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀምጧል። ሲያያት ሊነሣ ሲል ጭንቅላቱ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። የባጃጁ ሾፌር ሁሉንም ነገር ተረዳና ሬዲዮውን ቀነሰ፤ እንዳይረብሻቸው ሳይሆን እንዲሰማ።

«ለምን ሳቅህ?» አለችው።

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነ ታውቃለህ!»

ቢሆነኝ ግንባሩን እያሸ አያት። «አክስቴ በዓይኔ መጣችብኝ። ዘንግ ይዛ፣ አባትሽ ፊት ቆማ። አንቺ ‹ሴት ትሁን› ስትይ እኔ ወዲያው እሷን አየኋት። ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ እስቃለሁ። ሌላ ዘዴ አላውቅበትም።»

«ታዲያ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም?»

«ልነግርሽ ስል ‹እንዳትደውል› ብለሽ ሄድሽ።»

«እና አልደወልክም! ሐምሌን ሙሉ! እኔ የምልህን ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የምትሰማው?»

«የቱን ልስማ፣ የቱን ልተው? ንገሪኝና እሱን ልስማ።»

ሳቋ መጣባት፤ ያዘችው። «ገሳይ ላይ የሰው ደጅ ትጠናለህ፣ ሌላ ልታገባ ነው ብለውኛል። ትናንት… ትናንት ቀኑን ሙሉ…» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ ምን ታውቃለህ!»

«ደጅማ ጠናሁ» አለ፤ ከባጃጇ ወርዶ ዝናቡ ውስጥ ከፊቷ ቆመ። «አንደኛው ‹ከሴት ጋር ከምቆም ከጅብ ጋር ልቁም› አለኝ። ሁለተኛው እሺ ብሎ ሲያበቃ፣ ሚስቱ ‹ሴት ከሆነች የምትሄደው እኔ ምን ጎደለኝ?› አለችና ቤታቸው ተጣላ፤ እሱንም አክስቴ ናት ያስታረቀችው። አቶ አምላኩን የላማቸውን ጡት በሽታ እያከምኩ ነው ያሳመንኳቸው።»

«አክስትህስ ወዲያው እሺ አለች?»

«እሷማ ከሁሉ ጠናች። ‹እኔ ስለ ሰው ልጅ ትዳር ሳሎን ቆሜ ምን እላለሁ?› ብላ አባረረችኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ አባረረችኝ።» ውሃው ከፀጉሩ በዓይኑ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም። «በመጨረሻ የእናትሽን ነገር ነገርኳት። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ስሟን ስትጠብቅ እንደነበረ። አክስቴ ሰማችኝና ‹ስሟ ማን ነበር?› አለች። ሙሉሐብት አልኳት። ተነሥታ ዘንጓን አነሣች።»

ትሕትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እንዲህ ብላ አልቅሳ አታውቅም፤ እናቷ የሞተች ዕለት እንኳን። ቢሆነኝ እጁን ዘረጋ፤ ይንካት አይንካት ሳያውቅ አየር ላይ አቆመው። እሷ ናት ይዛ ፊቷ ላይ ያሳረፈችው።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች፣ መዳፉ ውስጥ ሆና።

«ምን?»

«አባዬ ጠይቀውኛል። አክስትህ አስጠይቃኛለች። አንተ ግን እስካሁን አልጠየቅከኝም። ‹ሽማግሌ ልልክ ነው› ነው ያልከኝ፤ እንደ ማስታወቂያ።»

ቢሆነኝ አሰበ። እውነቷን ነው። ጃኬቱን ዘጋ፤ ለምን እንደዘጋው እሱም አያውቅም።

«ትሕትና፣ ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ።»

«እሰይ!» አለ የባጃጁ ሾፌር፤ ከዚያ አፍሮ ሬዲዮውን ከፈተ።

«ዶሮውን ትናንት እኔው አርጄዋለሁ» አለችው፣ ወደ ቤቱ ሲያመሩ። «ይህንንም ከአሁኑ እወቅ።»

ቢሆነኝ ቆመ። ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት ሰው መሰለ። «እውነትሽን ነው? እኔኮ ሳምንቱን ሙሉ ሳክማቸው ሰንብቼ በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ በሙሉ ‹ና እረድልን› ይለኛል። ያሳዝኑኛል። ግን ወንድ ነህ ሲሉኝ ማን ይሰማኛል?»

አየችው፤ ይህን ረጅም፣ የረጠበ፣ ዶሮ የሚያሳዝነው ሰውዬ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ ውስጥ ያላስገባችው ምዕራፍ እሱ እንደሆነ ታወቃት። ዝናቡ አልቆመም፤ እሷም እንዲቆም አልፈለገችም።

*

ሲገቡ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ነበሩ። አቶ አምላኩ በአንድ እግር ላይ ናቸው።

«እሺ ብያለሁ» አለች ትሕትና።

ዳኛ ፈንታሁን ቢሆነኝን ከራሱ እስከ እግሩ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ምንጣፋቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። «ተቀመጡ» አሉ። ለሁሉም ነው ያሉት፤ ሽማግሌዎቹ ግን ማንም ሳይቀድማቸው ተቀመጡ።

ጥሩወርቅ ከወንዶቹ መሐል ተቀመጠች። ዘንጓን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። እጅ ተታጠበ፤ መሶቡ ተከፈተ፤ ወጡ ቀረበ። መሪጌታ ይሻው ማዕዱን ሊባርኩ መስቀላቸውን ሲያወጡ ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር ልነግራችሁ ይገባል። እጄ እንደምታዩት ነው። ይህን ዶሮ ያረደችው ልጄ ናት።»

መሪጌታ ይሻው ወጡን አዩ። ቅቤው ላዩ ላይ ቀልቶ ይንተከተካል፤ ዕንቁላሎቹ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ፍልሰታን በጥሬና በውሃ የጾሙ ሰው ናቸው።

«ስመ ሥላሴ ተጠርቶበታል?» አሏት።

«ተጠርቶበታል፣ አባቴ።»

«ታዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አሉና ባረኩ።

ዳኛ ፈንታሁን አጠገባቸው ያለውን ሽሮ በጀርባ እጃቸው ቀስ ብለው ገፉት። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ወደ ወጡ ዘረጉ። የደረቱን ብልት፣ ፈረሰኛ የሚባለውን አወጡ። በዚህ ቤት ፈረሰኛ የአባወራው ነው፤ ሙሉሐብት በየበዓሉ መርጣ የምታቀርበው ለእሳቸው ነበር። ለራሷ ሁልጊዜ ክንፉን ነበር የምትወስደው። «እኔ ክንፍ ነው የምወደው» ትል ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

መረቁ ነጭ ጋቢያቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ብዙ ተጉዞ፣ ፈረሰኛው ትሕትና ፊት አረፈ። ከዚያ ዳኛው እጃቸውን መልሰው ወደ ወጡ ከተቱ፤ ሲፈልጉ ቆዩና ክንፉን አወጡ። መብላት ጀመሩ።

ትሕትና አልነካችም፤ እሳቸውን ነው የምታየው። ጥሩወርቅም ታያቸዋለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው።

«ምነው ዳኛ?» አሉ አቶ አምላኩ፣ ጎርሰው እንደያዙ። «ፈረሰኛውን ለሴት ልጅ ሰጥተው እርስዎ ክንፍ ይዘው? ደግሞ ያ ሽሮ የማን ነው? እርስዎ ነገር ሁሉ ከነምክንያቱ ነው የሚናገሩት ይባላል። ይንገሩን እንጂ!»

ሁሉም እጁን ገታ። ትሕትና ጠበቀች፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

ዳኛ ፈንታሁን የክንፉን አጥንት ሳህናቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«ምክንያቱን አልናገርም» አሉ። «ብሉ።»